መኖሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲሆን

አማርኛ ለሰው ሁለት ቤት አበጅቶለታል፤ አንዱን መሥሪያ ቤት፣ ሌላውን መኖሪያ ቤት ብሎታል። ጣሪያቸውና ግድግዳቸው ቢመሳሰልም አንደኛው የሚሠሩበት፣ ሁለተኛው የሚኖሩበት ነው። ስሞቹን ያወጣው ኅብረተሰብ ሰው ከሥራው ተነሥቶ ወደ ኑሮው የሚሄድበት ሰዓት፣ በሁለቱም መካከል የሚያልፍበት መንገድ እንዳለው ያምን ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ፣ በካምፓላና በጅቡቲ እንጀራቸውን በኮምፒውተርና በስልክ የሚያገኙ ብዙ ሰዎች ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርበውባቸዋል። የአልጋቸው ጠርዝ ወንበራቸው፣ ራት የሚቀርብበት ጠረጴዛ ቢሯቸው ሆኗል።

ለውጡ የመጣው በድንገት ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ማግኘታቸውን ያስታወቁት በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸውን ወደየቤታቸው ሰደዱ። ሥራ ያን ጊዜ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በእንግድነት ነበር። አባቶች እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ። ይህ እንግዳ ግን ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ከብዙ ቤት አልወጣም፤ ሳሎኑን ይዞ፣ ጓዳውን አልፎ፣ መኝታ ቤት ገብቶ ተደላድሏል። ይሂድ ማለትም አይቻልም፤ ብዙዎች በእርሱ ይኖራሉ። መጠየቅ ያለበት የቤቱን ደንብ የሚያወጣው ማነው የሚለው ነው። እስካሁን ደንቡን ያወጣው እንግዳው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በቋንቋው ውስጥ እንኳ የተረጋጋ ስም አልተገኘለትም። “የቤት ሥራ” ቢሉት ተማሪ ከመምህሩ የሚቀበለውን ልምምድ ያስታውሳል። “የቤት ሠራተኛ” ቢሉት ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሌላ ደመወዝ፣ ሌላ ኑሮ ማለት ነው። በቅጡ ያልተሰየመ ነገር ደግሞ በሕግም በልማድም የሚገባውን ስፍራ ለማግኘት ይዘገያል።

የተረፈ ክፍል ያለው ሰው ምክር

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰጠው ምክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ለሥራ የተለየ ክፍል ይኑርህ፤ በሩን ዝጋ፤ ጠዋት ታጥበህ ወደ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው ልበስ፤ ሲመሽ ኮምፒውተርህን አጥፋ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ የተጻፈው ግን ክፍል ለተረፈው ሰው ነው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ስቱዲዮ የሚባለው ቤት መኝታውም ሳሎኑም አንድ ክፍል ነው፤ የናይሮቢው ቤድሲተርም ከዚያ አይሰፋም። በእንዲህ ያለ ቤት ባልና ሚስት፣ ሕፃን ልጅና ከክፍለ ሀገር የመጣች የእኅት ልጅ አብረው ሲኖሩ ሊዘጋ የሚችለው በር የመታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው። እዚያ ገብቶ ስብሰባ የተካፈለ ሰውም ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ምክሩ በስውር የሚሰጠው ፍርድ ነው። ድንበሩ የፈረሰው ሠራተኛው ሥነ ሥርዓት ስለጎደለው ነው ይላል። ከምሽቱ 5 ሰዓት መልእክት የሚልከው አለቃ በዚህ ምክር ውስጥ አይታይም። ዓርብ ማታ 30 ገጽ ሰነድ ልኮ ሰኞ ጠዋት ተተርጉሞ እንዲደርሰው የሚጠይቀው ደንበኛም አይታይም። ጠንቃቃ ተርጓሚ በቀን ከ2000 እስከ 2500 ቃላት ይሠራል ተብሎ በሙያው ይገመታል። 30 ገጽ ማለት ቢያንስ የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ በዓርብና በሰኞ መካከል ያለው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው። የጎደለው ቀን ከሌሊት ይወሰዳል። ይህን ዓይነት ትእዛዝ የተቀበለ ሰው ልብሱን ቢቀይርና በሩን ቢዘጋ ምን ይጠቀማል? በር መዝጋት የሠራተኛው ግዴታ ነው ሲባል፣ በማይገባ ሰዓት በር አለማንኳኳት የአሠሪው ግዴታ መሆኑ ተረስቷል።

የሸማኔው ድንበር

ድንበር የሚባለው ነገር የፈረንጅ ቅንጦት ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክራቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በዚህ አካባቢ የሚኖር ሕዝብ ሥራንና ኑሮን ለይቶ አያውቅም ይላሉ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚሠራው እዚያው በሚኖርበት ቤት ነው፤ ሚስቱ ትፈትላለች፣ ልጁ ክሩን ያጠነጥናል። ጠላ ሻጯ ደንበኞቿን የምታስተናግደው በሳሎኗ ነው። ገበሬው ከብቶቹን ከመኝታው አጠገብ ያሳድራል። እነዚህ ሁሉ ያልጮኹበትን ነገር ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ስለምን ይጮኽበታል?

መልሱ ሸማኔውን ቀርቦ በማየት ይገኛል። የሸማኔው ሥራ ከጉድጓዱ አይወጣም። እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ መወርወሪያውን ሲያስቀምጥ ሥራው እዚያው ይቀራል፤ አልጋው ድረስ ተከትሎ አይጠራውም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ በኪሱ ውስጥ አይንቀጠቀጥም። ፀሐይ ስትጠልቅ ክሩ ስለማይታይ ጨለማው ራሱ “ይበቃል” ይለው ነበር። ሰንበት ሲሆን መወርወሪያ አይነካም፤ የሚነካ ቢኖር ጎረቤት ያየዋል፣ የንስሐ አባቱ ይገሥጸዋል። ገበሬውም በሚካኤልና በማርያም ዕለት በሬ አይጠምድም። ሙስሊሙ ነጋዴ ዓርብ ቀትር ሱቁን ዘግቶ መስጊድ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች የክፍል ግድግዳ ባይኖራቸውም የጊዜ ግድግዳ ነበራቸው። ያንንም ግድግዳ አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም፤ መንደሩ፣ እምነቱና የቀኑ ብርሃን በጋራ ያቆሙት ነው።

የድሮው ኑሮ ገነት ነበር ለማለት አይደለም። ለበዓል የታዘዘ ጥበብ በኩራዝ ብርሃን ሌሊቱን ሲሸመን፣ ልጆችም ከትምህርት ቀርተው ክር ሲያጠነጥኑ ኖረዋል። ያ ሌሊት ግን የበዓል ዋዜማ ሌሊት ነበር፤ ከስልኩ የማይለየው የዛሬው ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ዋዜማ ላይ ነው። ስለዚህ የቀድሞዎቹን የሚጠቅስ ሰው አብሮ ሰንበታቸውንም ይጥቀስ።

ሰባቱም ቀን የሰው

አማርኛም ሆነ ስዋሂሊ ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋት ነው። ናይሮቢ ላይ “ሳ ሞጃ አሱቡሂ” ሲባል አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የሚባለው ነው። ይህ አቆጣጠር ቀን ከብርሃን ጋር ይጀምራል፣ ከብርሃን ጋር ያበቃል የሚል ሐሳብ በውስጡ ይዟል። ለባሕር ማዶ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ግን ከዚህ ፀሐይ ጋር ተፋቷል። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ወራት ኒውዮርክ ጠዋት ቢሮ ስትከፍት በምሥራቅ አፍሪካ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ስትዘጋም እኩለ ሌሊት ይሆናል። በሳን ፍራንሲስኮ የሥራ ሰዓት የሚሠራው ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያበቃል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሥራ ይገባል፤ ለትምህርት ሲነሡ እንቅልፍ ላይ ነው።

ሳምንቱም ቢሆን ተሸራርፏል። ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፤ እሑድ የሥራ ሳምንቷ መጀመሪያ ነው። የናይሮቢ ቢሮዎች በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ይዘጋሉ። በአዲስ አበባ ባንኮችና ብዙ የግል ድርጅቶች ቅዳሜም ይሠራሉ። ከሦስቱም ከተሞች ደንበኛ ያለው ተርጓሚ ዓርብ ከናይሮቢ፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ፣ እሑድ ከጅቡቲ ይጠራል። ደንበኞቹ እያንዳንዳቸው በየዕረፍት ቀናቸው ያርፋሉ፤ እርሱ የሁሉንም የሥራ ቀን ደምሮ ይሠራል። ገና ጃንዋሪ 7 ሲውልም ፈረንጁ ከራሱ በዓል ተመልሶ ያልተመለሰለትን ኢሜይል የሚቆጥርበት ሳምንት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የስልክ አስተርጓሚዎች ዕጣ ነው። በስልክ የምታስተረጉም ሴት ባሕር ማዶ ያለች አንዲት እናት ከሐኪሟ የምትሰማውን መርዶ ራሷ ሰምታ፣ በራሷ አፍ ታደርሳለች። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በተነጋገረችበት ደቂቃ ነው፤ ስልኩ እስኪጮኽ የጠበቀችበት ሰዓት አይቆጠርም። በዚያ የጥበቃ ሰዓት ገበያ መውጣት፣ ልጅ ማጠብ፣ ለቅሶ መድረስ አይቻልም፤ ዕረፍት እንዳይባል ታስራለች፣ ሥራ እንዳይባል አይከፈላትም። ጥሪው ሲመጣም የሕመምተኛዋ ምስጢር ከመጋረጃ ወዲህ፣ ቤተሰብ እየሰማ እንዳይነገር መከራዋን ታያለች። ሐኪሙ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ የዋለበትን ሐዘን ጥቂት ያራግፋል። አስተርጓሚዋ ግን ስልኩን በዘጋችበት ደቂቃ ልጇ ራት ይጠይቃታል። በመርዶውና በራቱ መካከል አንድ እርምጃ መንገድ የላትም።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አመልክተዋል። ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው 55 ሰዓት መድረሱን እንኳ አያውቅም፤ የሚፈርምበት መዝገብ፣ የሚያመልጠው ሰርቪስ የለውምና።

ቁጥጥሩ ገባ፣ ጥበቃው ደጅ ቀረ

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሳምንት ዕረፍት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እንዲሆን፣ በዕረፍት ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ለተሠራው ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። በመስቀል ዕለት “አንዴ ይህችን ገጽ እይልኝ” ብሎ መልእክት ከሚልኩት አሠሪዎች መካከል ይህን ሒሳብ አስቦ የሚልክ ስንቱ ነው?

አዋጁ በመኖሪያ ቤት ስለሚሠራ ሥራም ይናገራል። የሚገልጸው ግን አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረውና ሳይመራው በቤቱ ወይም በመረጠው ስፍራ የሚሠራን ሰው ነው። አሠሪው በመዝገብ እንዲይዝ ከሚጠየቃቸው ነገሮች መካከል የሰጠው ቁሳቁስ፣ ያዘዘው ሥራ ብዛትና ጥራት፣ የርክክቡ ጊዜና የክፍያው መጠን ይገኙበታል። ከዚህ ድንጋጌ በስተጀርባ የሚታየው ሰው ጨርቅ ተቀብላ፣ ቤቷ ሰፍታ የምትመልስ ሴት ናት። የዛሬው ሠራተኛ ከአለቃው ዓይን አልራቀም። ስንት ደቂቃ የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንዳልነካ የሚቆጥር ፕሮግራም የሚጫንበት አለ፤ በቴሌግራምና በዋትስአፕ መልእክቱን ማየት አለማየቱ የሚታወቅበትም አለ። ቁጥጥሩ መኝታ ቤት ድረስ ሲገባ የሰዓት ጥበቃው ደጅ ቀረ። ወጪውም እንዲሁ ከቢሮ ወደ ቤት ተሻግሯል፤ የኢንተርኔቱንና የመብራቱን ሒሳብ ሠራተኛው ይከፍላል፣ መብራት ሲጠፋም የባከነውን ሰዓት በሌሊቱ ያካክሳል።

ሌሎች አገሮች መንገዱን ጀምረውታል። ፈረንሳይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመላቀቅን መብት እ.ኤ.አ. በ2016 በሕግ አውጥታ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ፖርቱጋል በ2021 ባወጣችው ሕግ አሠሪዎች በዕረፍት ሰዓት ሠራተኛን ከመገናኘት እንዲቆጠቡ አስገድዳለች። በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኬንያ ሴኔትም በ2022 ተመሳሳይ ረቂቅ ቀርቦ አከራክሯል።

“እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል” የሚለው ሥጋት እውነት አለበት። አንዱ አስተርጓሚ እኩለ ሌሊት ላይ እምቢ ቢል ሌላው እሺ ይላል። ነገሩን በግል ሥነ ሥርዓት መፍታት የማይቻለውም ስለዚሁ ነው። ብቻውን በሩን የዘጋ ሰው እንጀራውን ያጣል፤ በአንድነት የዘጉ ሰዎች ግን ዋጋ ይተምናሉ። የሌሊት ሥራ የሌሊት ዋጋ፣ የጥበቃ ሰዓት የጥበቃ ዋጋ ሲኖረው ደንበኛው ራሱ ጠዋት ድረስ መታገሥን ይማራል።

“ቤት ነሽ አይደል እንዴ?”

አሠሪውን ብቻ መውቀስ እውነቱን በግማሽ መናገር ነው። ድንበሩ ከውስጥም ይገፋል። ቤቷ ሆና የምትሠራ ሴት በቀን ውስጥ አዘውትራ የምትሰማው ዐረፍተ ነገር “ቤት ነሽ አይደል እንዴ?” የሚል ነው። ጎረቤት ልጇን ታስይዛታለች፤ ዘመድ ያለ ቀጠሮ መጥቶ ቡና ይጠብቃል፤ ለእድር ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የምትጠራው እርሷ ናት። ባል ከቤት ሲሠራ ልጆች “አባታችሁ ሥራ ላይ ነው” ተብለው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሚስት ስትሠራ ግን ወጡን በአንድ እጇ እያማሰለች ነው። ለእርሱ ቤቱ ቢሮ ሆነለት፤ ለእርሷ ቢሮው ጓዳ ሆነባት። ይህን የሚያስተካክል አዋጅ አይወጣም፤ የሚያስተካክሉት በአንድ ማዕድ የሚበሉት ሰዎች ናቸው።

የተደራረበው ሥራ ጠባይንም ይለውጣል። “የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ” የሚለው ተረት ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። ለደንበኛው በለሰለሰ ድምፅ “ምንም ችግር የለም” ያለ ሰው ስልኩን ዘግቶ በልጁ ላይ ይጮኻል። ልጁ ሁለቱንም ድምፆች ሰምቷል፤ የተሻለው ድምፅ ለማን እንደሚሰጥም ተምሯል።

የቤት ሠራተኛዋስ?

ስለ ድንበር የሚናገር ሁሉ የሚፈተንበት አንድ ቦታ አለ። በብዙ ቤት ውስጥ፣ የምትሠራበትና የምትኖርበት ቦታ አንድ ከሆነባት ብዙ ዘመን ያስቆጠረች ሰው ትገኛለች፤ የቤት ሠራተኛዋ። ተርጓሚው፣ ሒሳብ ሠራተኛውና የኮምፒውተር ባለሙያው በ2020 የቀመሱትን ኑሮ እርሷ ስትኖረው ቆይታለች። ሰርቪስ ክፍሏ ወይም የወጥ ቤቱ ጥግ መኝታዋ ነው፤ የተጠራች ጊዜ ሁሉ የሥራ ሰዓቷ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሻገሩት እኅቶቿም ይኸው ኑሮ በባዕድ ቋንቋ ተደግሞባቸዋል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቀበለው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል።

አለቃው ከሌሊቱ 5 ሰዓት መልእክት ስለላከበት የሚያማርር ሰው፣ በዚያው ሰዓት የተኛችውን ልጅ ቀስቅሶ ሻይ ካዘዘ ክርክሩን በገዛ አፉ አፍርሷል። ድንበር የሚጠይቅ ሰው ድንበር መስጠትን ከሳሎኑ ይጀምር። ለራሱ የሚሻውን የሥራ ማብቂያ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀንና ሳያንኳኩ ያለመግባትን ክብር ለእርሷም ይስጥ። የእርሷን ሰንበት የማያውቅ ቤት ለባለቤቱም ሰንበት አይኖረውም።

ምን ይደረግ?

መደረግ ያለበት የተሰወረ አይደለም። አሠሪ ሰውን ከቤቱ ሲያሠራ ሥራው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የሰዓቱ አቆጣጠር የየትኛው ከተማ እንደሆነ ጭምር ይግለጽ። ከዚያ ውጭ የሚልከው መልእክት እስከ ማግስቱ መልስ እንደማይጠበቅበት ይወቅ። የጥበቃ ሰዓት ይከፈልበት። የኢንተርኔትና የመብራት ወጪ ከሚጠቀምበት ይምጣ። ተርጓሚዎች፣ አስተርጓሚዎችና ሌሎች በየቤታቸው የተበተኑ ባለሙያዎች ለሌሊት፣ ለበዓልና ለአስቸኳይ ሥራ የጋራ ዋጋ ይወስኑ፤ ዋጋውንም በየውላቸው ያስገቡ። ሕግ አውጪውም በመኖሪያ ቤት ስለሚሠራ ሥራ የጻፈውን ድንጋጌ ወደ ዛሬው ኮምፒውተርና ስልክ ያምጣው፤ የቤት ሠራተኛዋንም ከውጭ አያስቀር።

ክፍል የሌለው ሰው ደግሞ ከሸማኔው ይማር። ግድግዳ ባይኖር ሰዓት አለ፤ ሥራው የሚያበቃበት ሰዓት ሲደርስ ኮምፒውተሩ ተጠቅልሎ ይነሣና በዚያው ጠረጴዛ ላይ ረከቦቱ ይቀመጥ። ቤተሰቡም ሰዓቱን ይወቅ፤ በሥራ ሰዓት የማይገባበትን፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የማይነጠቀውን። ይህ ትንሽ ልማድ ብቻውን አለቃውን አያስቆምም፤ የሚከላከሉት ነገር መኖሩን ግን ለቤቱ ሁሉ ያሳያል።

የዕረፍት ሰዓት ከሥራ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም። ልጅ አባቱን የሚያውቅበት፣ ሕመምተኛ የሚጠየቅበት፣ መጽሐፍ የሚነበብበት፣ ሰው ከገንዘብ ሌላ ምን እንደሆነ የሚያስታውስበት ሰዓት ነው። ነገ ጠዋት ሊጠየቅ የሚችለውን ነገር ዛሬ ማታ የሚጠይቅ ሁሉ የሰው መኖሪያ ቤት ያለ ፈቃድ እየከፈተ መሆኑን ይወቅ።